ለእህቴ መድኃኒት ልላክላት? ከቱሉ ዲምቱ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዋ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ናቸው። የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ «ታናሽ እህቴ በ2013 ዓ.ም. ከሑመራ ሸሽታ ሱዳን ገባች፤ እስከ ዛሬ ኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያ ነች። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የሁለት ዓመት ልጅም አላት። መጠለያው ውስጥ የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ በሽታ እንደገባ በስልክ ነገረችን። የባለቤቷ ወንድም ደግሞ ገዳሪፍ ውስጥ በሰሊጥ እርሻ ሲሠራ ቆይቶ በመተማ በኩል ተመልሶ እኛ ቤት ተኝቷል። ትኩሳቱ ሦስት ሳምንት አለፈው። ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደ፤ አልተሻለውም። ለእህቴ በሰው አንቲባዮቲክ ልላክላት? ልጆቼስ ከእሱ ይይዛቸው ይሆን?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችዎ አንዱ ከነገ ጠዋት የሚያልፍ አይደለም፤ ስለዚህ ከቤትዎ ልጀምር።

እኔ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የስደተኛ መጠለያዎች በኅብረተሰብ ጤና ሙያ ሠርቻለሁ፤ አሁን የምሠራው በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። ከገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ የመጣ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያተኮሰውና በታይፎይድ መድኃኒት ያልዳነ ሰው ሲባል መጀመሪያ የማስበው ወባን፣ ቀጥሎም ካላዛርን ነው። በዚህ በእኛ ዙሪያ ትኩሳት ይዞ ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይመለሳል። ለታይፎይድ የሚሠራው የተለመደው የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ እምብዛም የሚታመን አይደለም። ከዚህ በፊት ታሞ የዳነ ወይም አሁን በሌላ በሽታ የተያዘ ሰው ላይም «አለብህ» ሊል ይችላል። ክሊኒኮቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕመምተኛው ከየት እንደመጣ ካልነገራቸውና እነሱም ካልጠየቁት የቆላ በሽታ በሐሳባቸው አይመጣም።

ወባው ቀላል ነው፤ ጣት ተወግቶ በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ውጤቱ «የለም» ከሆነ ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ካላዛር መታየት ያለበት ያኔ ነው። ይህ በሽታ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሑመራ ባለው ቆላ የኖረ ነው። የምታዛምተው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ ነፍሳት ናት። ቀን ቀን በመረሬው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ተደብቃ ትውልና ሌሊት ወጥታ ትነድፋለች። በአጨዳና በአረም ወቅት ከደጋ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚተኛው የቀን ሠራተኛ ከአካባቢው ተወላጅ ይልቅ ይጠቃል፤ ሰውነቱ በሽታውን ከዚህ በፊት አያውቀውምና። ምልክቱ ከተነደፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ሰውዬው ድንበሩን ሲሻገር ጤነኛ መስሎ፣ እርስዎ ቤት ሲደርስ ሊወድቅ ይችላል። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ደም ያንሳል፣ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ያለው ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበልጠውን ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል፤ በእኛ አካባቢ የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ አንድ ላይ ለ17 ቀን መውሰድ ነው።

ስለዚህ ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ለሐኪሙም ቀድመው «ከገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ነው የመጣው፤ ሜዳ ላይ ሲተኛ ነበር፤ ትኩሳቱ ሦስት ሳምንት አልፎታል» ይበሉት። የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ጣፊያው በእጅ ይዳሰስ። አሁንም መልስ ከጠፋ የካላዛር ፈጣን ምርመራ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉለት ይጠይቁ። በአገራችን በዚህ በሽታ ረጅም ልምድ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ ወደዚያ ያሉ ዘመዶች ካሉት ይህም አንድ መንገድ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራም አብሮ ይደረግለት። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሕክምናው ይለያል፤ በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ደግሞ አብረው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሳል ካለውም የአክታ ምርመራ ይጨመር፤ ረጅም ትኩሳትና ክሳት የሳንባ ነቀርሳም ጠባይ ነው።

ልጆችዎን በተመለከተ፦ ወባም ካላዛርም በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ክፍል በመተኛት አይተላለፉም። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ካላዛርን የምታዛምተው ዝንብ ደግሞ የቆላ ናት። ሰሃኑን መለየት፣ ከቤተሰቡ አርቆ ማስተኛት አያስፈልግም፤ ታሞ የመጣን ሰው ቅስም መስበር ነው ትርፉ። የአክታው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ግን ሳል ካለው መስኮት ክፍት ይሁን፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን። ይህን ያህል ይበቃል።

እዚህ ላይ ጎረቤት ለሚሰማው ወሬ አንድ ነገር ልበል። «ከሱዳን የመጣ ሰው ኮሌራ ያመጣል» ሲባል እሰማለሁ፤ ያሳዝነኛል። አገራችን ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ የተነሳ የራሷ ወረርሽኝ ነበራት፤ ክልል ከክልል ሲዘዋወርም ከርሟል። ኮሌራ የሚከተለው የተበከለ ውሃንና የሞላ መጸዳጃን ነው። በእኛ ዳርቻ ሰፈሮች ቧንቧው ለቀናት ሲጠፋና ከየትም በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ሲጠጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለዚህ ስደተኛ አያስፈልግም።

አሁን ወደ እህትዎ።

በዚያው በገዳሪፍ ያለችው ኡም ራኩባ ከድንበራችን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ወገኖቻችን የተጠለሉባት ቦታ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንደገና ተከፈተች። እህትዎ ስትገባ በሱዳን የአሁኑ ጦርነት ገና አልተነሳም ነበር፤ ዕርዳታው ባይበቃም መንገዱ ክፍት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ታጣቂ ቡድን መካከል ጦርነቱ ሲፈነዳ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሌላ አገር ስደተኞችን አስጠልላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከራሷ ሕዝብ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ከቤቱ ተፈናቀለ። የወድ መደኒ ከተማ በታኅሣሥ 2016፣ የሲንጃ ከተማ ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ሲወድቁ የሸሸው ሕዝብ በብዛት ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። እህትዎ የምትጠቀምበት ሆስፒታል፣ የምትገዛበት ገበያና የምትጠብቀው የውሃ ቦቴ ሁሉ ለዚያ ሁሉ ሰው ጭምር ሆነ ማለት ነው። ጥር 2017 ላይ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ በየመጠለያው ክሊኒኮችን ሲያንቀሳቅሱ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኛ ቀነሱ፤ አንዳንዶቹም ዘጉ።

ለስደተኛ መጠለያ የወጡ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አሉ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለአንድ የውሃ ቧንቧ ቢበዛ 250 ሰው፣ ለአንድ መጸዳጃ ቢበዛ 20 ሰው፣ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላ ሳሙና ይላሉ። እነዚህ የምቾት ልኮች አይደሉም፤ ከነሱ ሲወረድ ሰው መታመም የሚጀምርባቸው ወለሎች ናቸው። ብዙዎቹ መጠለያዎች ከዚህ ወለል በታች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይህንንም ተራ ነገር አድርጎ መቀበል አልችልም። አንዲት እናት በስምንት ሊትር ውሃ መጠጣት፣ ማብሰል፣ ልጅ ማጠብና እጅ መታጠብ ካለባት የምትተወው እጅ መታጠቡን ነው። በሽታው የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

የገዳሪፍ ባለሥልጣናት ኮሌራን በመስከረም 2016 አሳወቁ። ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ከከሰላ የተነሳ አዲስ ወረርሽኝ መኖሩን አወጀ፤ በቀጣዩ ዓመት ወረርሽኙ ሁሉንም ግዛቶች አዳረሰ፤ የታመሙትም ከመቶ ሺህ በላይ ሆኑ። ኮሌራ የሚገድለው ፈሳሽ በማሟጠጥ ነው፤ ብርቱ ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል። በጊዜ ከታከመ ግን ከመቶ አንድ ሰው እንኳን አይሞትም። እህትዎ ልታውቅ የሚገባት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ ከመጣ አይነጋም ወይ እያለች አትጠብቅ። የመጀመሪያው ተቅማጥ ላይ ኦአርኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር መጠጣት ትጀምር፤ እየጠጣችም ወደ ሕክምናው ድንኳን ትሂድ። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ጨው ከበዛ ይጎዳል፤ ከማንኪያው በላይ የተቆለለው በጣት ይጠረግ። ብታስመልስ አሥር ደቂቃ ቆይታ በጥቂት በጥቂቱ ትቀጥል። ልጁ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥበት። ለነፍሰ ጡር የፈሳሹ ማነስ ጽንሱንም ያሳጣል፤ ስለዚህ እሷ ከሌላው ሰው ቀድማ መሄድ አለባት። ክትባት ሲሰጥም አትለፈው። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ክትባቱ በዓለም ስላነሰ ለወረርሽኝ የሚሰጠው በሁለት ፋንታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷም ግን ትጠቅማለች።

«ውሃ አፍልታ ትጠጣ» የሚለውን ምክር ከአዲስ አበባ መላክ ቀላል ነው። እዚያ ማፍላት ማለት እንጨት ማለት ነው። እንጨት ማለት ከመጠለያው ርቆ መሄድ ነው፤ ሴቶች የሚደፈሩትም እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማፍላቱን አልመክርም። በክሎሪን የታከመውን የቦኖ ውሃ ትቅዳ፤ ጠባብ አፍ ባለውና ክዳን ባለው ጀሪካን ታስቀምጥ፤ ኩባያ እየነከረች ሳይሆን እያጋደለች ትቅዳ። ጀሪካኑ በየጥቂት ቀኑ በሳሙናና በጠጠር እየተናጠ ይታጠብ። ሳሙና ካለቀ ለእጅ አመድም ይሠራል።

ስለ ኮሌራ ሁሉም ያወራል። በእህትዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ኢ ነው። በ2013 ክረምት በገዳሪፍ ባሉት የኢትዮጵያውያን መጠለያዎች፣ ኡም ራኩባን ጨምሮ፣ ገብቶ ነበር። የሚተላለፈው እንደ ኮሌራ በተበከለ ውሃ ነው፤ ግን ቀስ ይላል። ከገባ በኋላ በአማካይ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ተደብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ ዛሬ የታመመው ሰው የጠጣው ውሃ የወር በፊቱ ነው። ብዙ ሰው ድካምና የምግብ መዝጋት ይሰማውና ይድናል። በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ላይ ሆነው ከሚያዙ ሴቶች ግን ከአራት ወይም ከአምስት አንዷን ሊገድል ይችላል። እህትዎ አሁን በዚሁ ጊዜ ውስጥ ናት። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ እንደ ሻይ ከጠቆረ የወፍ በሽታ ነው ብላ ቅጠል እየጠጣች ቤት እንዳትቆይ፤ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ትሂድ። ቁርጥ ያለ መድኃኒት የለውም፤ ግን የደም መፍሰሱንና ምጡን ሐኪም ፊት ማለፍ ሕይወት ያተርፋል። ለበሽታው ክትባት አለ፤ በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2014 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ የተፈናቃዮች መጠለያ ነው፤ ነፍሰ ጡሮችም ወስደውታል። በየመጠለያው አለመዳረሱ ያንገበግበኛል።

ወባ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ኅዳር ይበረታል፤ እሷና ልጁ በአጎበር ውስጥ ይተኙ። አጎበሩን ለጥላ ወይም ለአጥር የሚጠቀሙበት አሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ ድንኳኑ በንፋስ ሲቀደድ ሌላ የለምና። እሷ ግን ለጊዜው ለመኝታ ታቆየው። ልጁን በተመለከተ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ትጠይቅ። ክንዱንም በየወሩ ታስለካ፤ በመለኪያው ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ12 ተኩል በታችም ቢሆን ተጨማሪ ምግብ ይገባዋል። ራሽኑ ብዙ ጊዜ ማሽላ ነው፤ ማሽላውን ለማስፈጨት ደግሞ ከማሽላው ላይ ይሸጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፈው ኪሎ ከድስቱ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

የመውለጃዋ ነገር ከበሽታው አይለይም። በክረምት የገዳሪፍ መረሬ መሬት መኪና ይውጣል፤ አምቡላንስ ቢኖርም አይደርስም። ከአሁኑ የመውለጃዋን ሳምንት ከአዋላጇ ጋር ትቁጠር፤ ማን ጋሪ ወይም ትራክተር እንዳለው ትወቅ፤ ልጁን ማን እንደሚይዝላት ትስማማ። ደም ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ወይም ምጡ ከአንድ ሌሊት ካለፈ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለባት። ያኔ የሚያስፈልገው የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

ይህም ወደ ጥያቄዎ ያመጣኛል፤ አንቲባዮቲኩን አይላኩት። ለኮሌራ አንቲባዮቲክ በሐኪም የሚሰጠው በብርቱ ለተያዘውና በበሽታው ታመው ሕክምና ለገቡ ነፍሰ ጡሮች ነው፤ እሱም ፈሳሹን ለማገዝ እንጂ በፈሳሹ ፋንታ አይደለም። ለሄፓታይተስ ኢ፣ ለወባና ለካላዛር አሞክሳሲሊንም ሲፕሮም ምንም አያደርጉም። በሰው ሻንጣ ተጭኖ በአርባ ዲግሪ ሙቀት የሰነበተ ክኒን ኃይሉን ያጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እህትዎ ክኒኑ እጇ ላይ ስላለ «ይህን ልዋጥና ልየው» ብላ ስድስት ሰዓት መጠበቋ ነው። በኮሌራ ስድስት ሰዓት ብዙ ነው። መድኃኒቱ በክሊኒኩ ከጠፋም ፈሳሹ፣ ጨውና ስኳሩ ቅድሚያ አላቸው።

በዚያ ገንዘብ ፋንታ ትንሽም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ እንድታገኝ ያድርጉ፤ ለሳሙና፣ ክዳን ላለው ጀሪካን፣ ለስኳርና ጨው፣ ለእንቁላልና ምስር፣ ቀሪው ለመጓጓዣ ተቀምጦ። ከጦርነቱ ወዲህ በሱዳን የገንዘብ ኖት ስለጠፋ ብዙው ግብይት የሚካሄደው በካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ፣ በባንካክ ነው። ብዙ ስደተኞች በስማቸው ሒሳብ መክፈት አይችሉም፤ ነጋዴው ተቀብሎ ሲሰጣቸው ከላዩ ይቆርጣል። ከመላክዎ በፊት የምታምነው ማን እንደሆነና ስንት እንደሚቆርጥ እሷን ይጠይቋት፤ እርስዎም ከዚህ በሕጋዊ መንገድ ብቻ ይላኩ።

ስልክ ሲገኝ ደግሞ «ደህና ነሽ ወይ» ብቻ አይበቃም፤ እሷ እንዳያሳስባችሁ «ደህና ነኝ» ትላለችና። ዛሬ ስንት ጀሪካን ቀዳሽ? ክሊኒኩ ክፍት ነው? አዋላጇ አለች? ዓይንሽን ማን አየልሽ? ልጁ ዛሬ ምን በላ? ብለው ይጠይቁ። መልሱን በማስታወሻ ይያዙት፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የትኛው እየተባባሰ እንደሆነ ይታያል፤ እኔም ከዚያ ተነስቼ የበለጠ ልረዳዎ እችላለሁ። ኔትወርክ ለሳምንታት ከጠፋና ድምፅዋን ካጡ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፤ በነፃ ነው፤ ሙሉ ስሟን ከእነ አያቷ፣ የመጠለያውን ስምና ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁበትን ቀን ይዘው ይሂዱ። የሰውዬውን የደም ውጤት ግን ነገ ማታ እጠብቃለሁ።